ለእህቴ በቁሟ ያበላነው ተዝካር

በ2015 ዓ.ም. ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። ጦርነቱ ቆሞ መኪና ከጋሸና ወደ ላሊበላ እንደ ልቡ መውረድ ጀምሯል። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሞፈር ስጠርብ አንዲት ወጣት ሴት ከሚኒባስ ወርዳ ሽቅብ ስትመጣ አየሁ። ጫማዋ ለእኛ ዳገት የተሠራ አልነበረም። ሁለቴ ወደቀች፤ ሁለቴም ማንም እንዳላያት ዞር ዞር ብላ ተነሳች።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ጎልማሳ ሆኜ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ያልጣመው ይተወው።

ሴትዮዋ የሬዲዮ ሰው ናት። ስለ እህቴ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። እህቴ በድሮው ዘመን ፊልም የሠራች፣ ስሟ የገነነ ተዋናይ ናት። ያን ጊዜ በአገራችን ፊልም የሚሠራ በጣት ይቆጠር ነበር፤ ሴት ሲሆን ደግሞ ጣትም ይተርፍ ነበር። ስሟን አልጽፍም። የእሷን ካልጻፍኩ የማንንም አልጽፍ።

ሰው ስለ እህቴ የማያውቀውን ነገር ሰብስባ ዝግጅት ልትሠራ ነው። ወረቀት አውጥታ አነበበችልኝ። የተወለደችው አዲስ አበባ ነው ይላል። ከቅንድቧ በላይ ያለው ጠባሳ ፊልም ስትሠራ ከፈረስ ወድቃ ነው ይላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አልቃሻ ነበረች፤ ለዚያ ነው በፊልም ዕንባዋ የሚታዘዝላት ይላል።

«ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት አባባ።»

«እንግዲያ እሱን ጠይቂው። እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?»

ሳቀች። ሳቋ ደግ ስለነበር መጥረቢያዬን አስቀምጬ ነገርኳት። እህቴ የተወለደችው ይኸው አንቺ የተደገፍሽው ግድግዳ ውስጥ ነው አልኳት። ጠባሳውም የእኔ ነው። የገብስ ማሳ ከጭላዳ ዝንጀሮ ስንጠብቅ የወነጨፍኩት ድንጋይ ስቶ ነው የፈነከታት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ልትመታኝ ትችል ነበር። ግን አፈር ዘግና ደሙ ላይ ጠቀጠቀችና ለእናታችን አዳልጦኝ ነው አለቻት። እናታችንም ስላዳለጣት ገረፈቻት። ያን ቀን አላለቀሰችም። በሌላም ቀን ስታለቅስ አላየሁም። ዕንባ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ ነበረች።

የእሷ ነገር ሰውን መምሰል ነው። የቄሱን አረማመድ፣ የጭቃ ሹሙን ሳል፣ ለታይታ የምታለቅስ አንዲት ጎረቤታችንን ስታመጣቸው ሰው መሬት ላይ ይንከባለላል። እናታችን ዱላ ይዛ ታባርራታለች፤ ዞር ስትል ግን እሷም በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። ሰርግ ላይ ግን አትጨፍርም። ትከሻዋ ፍልጥ ነበር። በፊልም እንዲያ እስክስታ ስትወርድ ያየሁ ጊዜ ማን አስለመዳት ብዬ ገርሞኛል።

ሳትወድ ተዳረች፤ ዓመት ሳይሞላት ባሏን ጥላ ጋሸና ድረስ ሄዳ ምስር በጫነ መኪና ተሳፈረች። ጠፋች። ዓመታት ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ታየች ተባለ። እናታችን ይህን ከሰማች ጀምሮ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሁሉ በሶ ትሰጥ ነበር። «ልጄ እዚያ አለች፤ ስጡልኝ» ትላለች። አዲስ አበባ እንደ ፍላቂት ገበያ ሰው የሚገናኝበት መስሏት ነው። መንገደኛውም እሺ ብሎ ይቀበልና መንገድ ላይ ይበላዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም።

ሴትዮዋ ስለ በሶው ስትሰማ መጻፍ አቆመች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና አንድ ነገር ላሰማዎት አለችኝ። የእህቴ ድምፅ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ በአካል ያልሰማሁት፣ ያረጀ፣ ግን የእሷ።

«እናቴ መኖሬን እያወቀች በቁሜ ቀብራኛለች። በሥራዬ አፍራ ነው። ተዝካሬንም አብልታለች። እኔ ግን ይቅር ብያታለሁ።»

ሴትዮዋ ዝግጅቱ የሚያልቀው በዚህ ነው አለችኝ። አድማጭ ሁሉ ሲጠያየቅ የኖረውን ነገር የሚመልስ ነው፤ ለምን አገሯን እንዳልረገጠች፣ ከመጀመሪያው ፊልሟ በኋላ የሚሞት ሰው ሆና ለመሥራት ለምን እንቢ እንዳለች። ከዚያ ደግሞ እህቴ ታማ ላሊበላ አጠገብ ነአኩቶ ለአብ ጠበል እንደመጣች፣ በነጋታው በአውሮፕላን እንደምትመለስ ነገረችኝ። ከቤቴ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሳምንት ተቀምጣለች። እኔ አላወቅሁም። ማወቅ የሚገባኝ ሰውም አልነበርኩ።

እናቴ መኖሯን እያወቀች አልቀበረቻትም። ይህን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም ነበር። አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ደሴ እህል መጋዘን ተሸካሚ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሸከም አንድ የመንገድ ዳር ከተማ ልጅ፣ እስላም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንድ እሁድ ሲኒማ ቤት ይዞኝ ገባ። ከመግባታችን በፊት ጨዋታ ነው፣ የምታየው ሁሉ ጨዋታ ነው፣ እንዳትሮጥ ብሎኛል። አልሮጥኩም። መብራቱ ጠፍቶ እህቴ ግድግዳው ላይ ስትመጣ ግን ብድግ አልኩ፤ ጓደኛዬ ጎትቶ አስቀመጠኝ። ጠባሳዋ የእጄን መዳፍ ያህል ሆኖ ይታያል።

መጣላቷን አየሁ፤ ጨዋታ ነው አልኩ። ወንድ ሲያቅፋት አየሁ፤ ጨዋታ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በመጨረሻ ታመመች፣ ሞተች፣ ሣጥን ውስጥ ገባች። ቄስ ጥና ይዞ እየዞረ ፍትሐት ፈታላት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሌላውን ሁሉ ጨዋታ ነው ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ መስቀልና ጥና ይዞ ግን ማን ይጫወታል? በእኛ አገር ያልሞተ ሰው አይፈታም። ፍትሐት ተፈታላት ማለት ሞታለች ማለት ነው። ደግሞ ፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ነገር በእውን የሆነ እንደሆነ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ሲወጣ ይስቅ ነበር። እኔ ምንም ሳልነግረው፣ ልብሴን ሳልይዝ፣ በዚያው ምሽት ወደ አገሬ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሄድኩ።

ሰው ለሞተበት ቤት፣ ወሬው በመንገደኛ አፍ ሳይቀድም፣ ሽማግሌ ይዞ ጎህ ሲቀድ መርዶ መንገር ግዴታ ነው። አደረግሁት። ሽማግሌዎቹ በዓይንህ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይቻለሁ አልኩ። ስትፈታ አይቻለሁ አልኩ። በምን እንዳየሁት አልነገርኳቸውም፤ ሲኒማን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ስላላወቅሁ ነው። በደብራችን ታቦት ማልኩ።

እናቴ ጠጉሯን ተላጨች። ፊቷን ነጨች። መሬት ወርዳ ተኛች፤ ከዚያ በኋላ መደብ ላይ አልወጣችም። አባታችን ቀድሞ ሞቷል፤ ከእሱ የቀረልንን በሬ ለአርባዋ አረድነው። አገር በላ። «ልጄ ሰው አገር ማን አጠባት?» እያለች አንዷን ነገር ትደጋግም ነበር። እኔ ቄስ ነበረ፣ በወግ ነው የተቀበረች እላታለሁ። ይህ ያጽናናት ነበር። እግዜር ይየኝ፣ በእውነት ያጽናናት ነበር።

ወደ ደሴ ስመለስ ጓደኛዬ የት ጠፋህ አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ዋጠው።

«ወላሂ ትናንት በሬዲዮ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ሂድ፣ ዛሬውኑ ተመለስና ንገራቸው። እናትህ ናት እኮ።»

እሺ አልኩት። አልሄድኩም። አገር ተዝካር በልቷል። ታቦት ምዬበታለሁ። ተመልሼ ያየሁት ሥዕል ነው ብል ስሜ እስከ ልጅ ልጄ መሳቂያ ነው። አጨዳ ይለፍ አልኩ። ፋሲካ ይለፍ አልኩ። እልኸኛ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ቀን አያጣም።

በመጋቢት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጋዘኑ ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። እህቴ ናት የላከችው። ተዝካሯ መውጣቱን አዲስ አበባ ካለ ያገራችን ሰው ሰምታለች። ቃሏ ይህ ነበር፦ እኔ አለሁ፤ ለእምዬ ንገርልኝ፤ ደስ ካላት ትላክብኝና እመጣለሁ፤ ካልላከችብኝ እንደጠላችኝ አውቃለሁ። ጥለቱ ሰፊ የሆነ አዲስ ነጠላም ለእናቴ ልካለች። ተቀበልኩ። አደርሳለሁ አልኩ። ነጠላውን ጆንያ ውስጥ ከተትኩት።

በሐምሌ እናቴ በትኩሳት ታማ መልእክት መጣብኝ። ስደርስ አፏ ተይዟል። ዓይኗ ግን ያያል። ጆሮዋም ይሰማ ይሆናል፤ እንጃ። ያን ጊዜም ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ልነግራት እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው፣ «ልጅሽ አለች»። ሰው ይሰማል ብዬ ተውኩት። ሲነጋ ሞተች። ነጠላውን አወጣሁና እኔ የገዛሁላት ነው ብዬ ከመግነዟ ላይ አለበስኳት። የቅሬው፣ የእድራችን ሰው፣ ቀባሪው ሁሉ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው ብሎ አመሰገነኝ።

ኋላ እህቴ በሕይወት መኖሯን አገር ሁሉ አወቀ። ተሳስቶ ነው ብለው ሳቁብኝ፤ የቁም ተዝካር የወጣላት ጻድቅ እያሉ ቀለዱ። ስሕተቴን ያውቃሉ። እናቴ ሳትሞት ማወቄን ግን አያውቁም። ያን ይዤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አረጀሁ።

ለሴትዮዋ ይህን አልነገርኳት። እህቴ ጋ ውሰጅኝ ብቻ አልኳት። በሚኒባሷ ወረድን።

ነአኩቶ ለአብ ዋሻው ሥር አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከላይ ከድንጋዩ ጠበሉ ጠብ ጠብ ይላል። አንዲት ዘመዷ ያልሆነች ሴት ታስታምማታለች። ፊቷ ከስቶ አጥንቷ ወጥቷል፤ ጠባሳው ብቻ አልከሳም። ገና ሳልደርስ አየችኝ።

«አባታችንን መስለህ መጣህ» አለች። «እሱም እንዲህ ያለ ጉብጠት ነበረው።»

«አንቺ ደግሞ ማንንም ሳትመስይ አረጀሽ» አልኳት።

ሳቀችና አሳላት። ብዙ ሰው መስዬ ኖሬ ደክሞኝ ነው አለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ በጦርነቱ ከብት ተርፎልህ ነበር ወይ አለችኝ፣ ጭላዳው አሁንም ገብስ ይበላል ወይ አለችኝ። የመጣሁበትን ሳልናገር ፀሐዩ ዞረ። ፈርቼ ነበር። በሰባ ሦስት ዓመቴ የምፈራው ነገር መኖሩ ራሱ አሳፈረኝና ተናገርኩ።

«እምዬ መኖርሽን ሳታውቅ ነው የሞተች። መልእክትሽን አላደረስኩም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሲኒማው እስከ መግነዙ። ሳላቋርጥ። ዓይኗን አልነቀለችብኝም። ስጨርስ እጄን ያዘችና እንደ ሕፃን መታ መታ አደረገችኝ።

«ይሄ እኮ ፊልም ነው፣ የኔ ወንድም» አለች። «እኔ ራሴ አስታማሚዋን ሆኜ ሠርቼበታለሁ። ሴትዮዋ ልትሞት ነው። ወንድሟ ይመጣል፤ በሰላም ትሙት ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ያደርጋል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል።»

«እውነት ነው።»

«ነጠላውስ? የት አለ?»

«ነገርኩሽ። ከእሷ ጋር መሬት ውስጥ ነው።»

«አየህ? ሁሌም ማስረጃው መሬት ውስጥ ነው።»

እምላለሁ አልኳት። ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሬ እጄን አነሳሁ። እጄን ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

«ያን ጊዜም ምለሃል» አለች። «መሞቴን በዓይኔ አየሁ ብለህ በታቦት ምለሃል። ምሎ የቀበረኝ ሰው አሁን ምሎ ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ያነሳሁትን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ተናገረች። ይህን ስትናገር የተዋናይ ፊት አልነበራትም፤ ደም እየፈሰሰው አፈር የሚጠቀጥቀው የድሮው ፊቷ ነው።

«ስማ። ሃምሳ ዓመት ፈጅቶብኝ ነው ይቅር ያልኳት። በመርገም ነው የጀመርኩት። አሁን እሷ ካላጠፋች ሃምሳ ዓመት ስረግም የኖርኩት ማንን ነው? ጠጉሯን ተላጭታልኝ መሬት የተኛች እናቴን ነው? ይህን ይዤ አልሞትም። አልችልም። ታሪክህን ይዘህልኝ ሂድ።»

የሬዲዮዋ ሴት ቆማ ሰምታለች። መቅጃ ማሽኗ ተዘግቶ ነበር። ስንወጣ ለመንኳት። የእኔን ቃል ጨምሪ፣ እናቴ ልጇን አልካደችም በይ አልኳት። ዝግጅቱ የእሳቸው ነው አባባ፣ እሳቸው ያላመኑትን እኔ በእሳቸው ላይ አላወራም አለችኝ። ክፉ አይደለችም። ከእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንዲያው አደርግ ነበር። እናቴ ግን በአገር ፊት ልጇን የካደች ሆና ልትነገር ነው፤ እህቴም ደግሞ የተካደች ይቅር ባይ ሆና። ሁለቱም ሐሰት፣ የሁለቱም አባት እኔ።

ወደ ጋሸና በሚወጣ ጭነት መኪና ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከመንደራችን ማዶ አንድ ሰው ሞቶ የቅሬው ወንድ ሁሉ መቃብር ሊቆፍር ከደብሩ ተሰብስቦ ነበር። ሄድኩ። ሥራ ሳይጀመር ቆሜ የምናገረው አለኝ አልኩ። ስለ መልእክቱና ስለ ነጠላው፣ በእናቴ ጆሮ ስላልተናገርኩት ሁለት ቃል፣ እህቴም ነግሬያት ስላለማመኗ በሰው ፊት ተናገርኩ። በሬዲዮ ሌላ ነገር ብትሰሙ እናቴ ልጇን አልካደችም፤ የካድኩት እኔ ነኝ፤ ፍረዱብኝ አልኩ። አብዛኛው ሰው እናቴን አያውቃትም፤ ስትሞት አልተወለደም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ አንዱ ስልኩን ነካካ። የቅሬው ዳኛ ከእኔ የሚያንስ፣ አንቱ የሚለኝ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ የተበደሉት ሞተዋል፤ ያሉትም አላመኑዎትም። እኛ በማን ስም እንፍረድ?» አለኝ። «ቀብሩ ለስድስት ሰዓት ነው፤ መሬቱም ደርቋል።»

ዶማ አቀበለኝ። ነጠላዬን አወለቅሁና ከወጣቶቹ ጋር ገብቼ ቆፈርኩ።